ሁለት እንቁላልና ሦስት ብስክሌት

ስላቭካ ገባች፤ ጠዋት ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፤
የሱቄ ደጃፍ ላይ የጎማ ሽታ ከጥድ ሙጫ ጋር ተጋብቷል።
ፖስተኛ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያመላለሰች፣
የካራቫንኬን ተራራ በቢጫ መኪና ስትዞረው የኖረች።
ዘንድሮ ጡረታ ወጣች፤ መኪናውንም አስረከበች፤
«ዳገት የሚወጣ ብስክሌት፣ ቲኔ፣ አሳየኝ» አለች።

ቁመቷ ከመደርደሪያዬ ሁለተኛ እርከን አያልፍም፤
አጭር ናት ብሎ የናቃትን ሰው ግን ሁለቴ ሲንቅ አላየሁም።

እኔም እንደ ልማዴ ቁጥር መደርደር ጀመርኩ፤
ጎማውን በኢንች፣ ሞላውን በሚሊሜትር ሰፈርኩ፦

«ሃያ ስድስት ኢንች ይኸው፤ የድሮ ሰው ልክ ነው፤
ጠመዝማዛ ላይ ፍየል ነው፣ መለዋወጫው ግን ጭንቅ ነው።
ሃያ ሰባት ተኩል መሐለኛ ነው፣ ከማንም ጋር አይጣላም፤
ለአንቺ ቁመት ይህ ይሄዳል፣ እግርሽ አየር ላይ አይቀርም።
ሃያ ዘጠኝ ይኼ ግዙፉ፣ ሥር ቢያጋጥመው፣ ድንጋይ፣
ይረግጠዋል እንጂ አይጠይቅም፣ ‹ልለፍ ወይ?›
ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ቀላል ነው፣ ዋጋውም ልከኛ፤
ከፊትም ከኋላም ያለው ግን፣ እሱ ነው የሚያስተኛ።»

«ቁጥሩን ተወው» አለች፤
ከኪሷ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።
ሁለት እንቁላል፣ ጥሬ፣ ገና የዶሮ ሙቀት ያለቀቃቸው።
«ከእህቴ ቤት ቁልቁል በየሳምንቱ የማወርዳቸው
እነዚህ ናቸው፤ ፈራጆቹም እነሱው ናቸው።»

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤
በጎማ ተሳፍሮ ተራራ ሲወጣ ግን ያን ቀን አየሁ።

ሃያ ሰባት ተኩሉን፣ ባለ ሁለት ሞላውን ይዛ ወጣች፤
ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ጥዶቹ መሐል ጠፋች።
ስትመለስ እንቁላሎቹ ደህና፤ ፊቷ ግን ቅር ያለው፤
«ቁልቁለቱን ውጦታል፤ ሥሩን ድንጋዩን አለሰለሰው።
ዳገቱ ላይ ግን ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር እጅ ይነሳል፤
ከጉልበቴ ግማሹን ለራሱ ይቀርጣል።
ደግሞ መንገዱ ዝም አለኝ። ሠላሳ ዓመት በመኪና
በመስታወት አልፌዋለሁ፤ ዝም ይበለኝ ወይ እንደገና?»

«ሞላውን የሚቆልፍ እጀታ አለው» አልኩ፤
«ለሚቆለፍ ነገር ለምን እከፍላለሁ?» አለችኝ፤ እኔው ተቆለፍኩ።

ሃያ ስድስቱ የመጀመሪያው ሥር ላይ እንደ አህያ ቆሞ ቀረ፤
አንዱ እንቁላል እዚያው ፈሰሰ፤ ስለ እሱ ማንም አልተናገረ።

ሃያ ዘጠኙን፣ ከኋላው ደረቁን ሳወጣ፣
ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩ፣ እግሯ መሬት እንዳያጣ።
ሄደች።
ቆየች።
ሰዓቴን ሦስቴ አየሁ፤
የጎረቤቴን ልጅ፣ ማቴቭዥን፣ ልልክባት ተነሣሁ።
ያኔ ብቅ አለች፤ እስከ ጆሮዋ ጭቃ፣
ኪሷ አስኳል አስኳል፣ መጣች ከት ብላ ስቃ።

እኔ ለባለ ሁለት ሞላው ደረሰኝ ጀምሬ ነበር፤
እንቁላሉ ፈርዷል ብዬ፤ ሌላ ምን አለ የሚነገር?
«ቅደደው» አለች። «እንቁላሉን በገለባ እጠቀልለዋለሁ፤
መንገዱን ግን ጠቅልዬ የት አደርሰዋለሁ?
እያንዳንዱ ሥር በክንዴ ገብቶ ስሙን ነገረኝ፤
የሰዉን አድራሻ ሁሉ አውቃለሁ፤ መሬቱ ዛሬ ነው ያወቀኝ።
ሞላ ካልከኝ ደግሞ፣ እየው፣ ጉልበቴ ሞላ፤
ምን ሊረባኝ ነው፣ ከኋላዬ ሌላ?»

ስድሳ ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ምንም አልመለስኩ፤
ገንዘቡን ቆጠርኩ።

ጥቅምት ላይ መጣች፤ የኋላው ቸርኬ ተጣሞ ስምንት ቁጥር ሠርቷል፤
እፍረት ግን ፊቷ ላይ የለም፤ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል።
«ሰፋ ያለ ጎማ ስጠኝ፣ ነፋሱንም ቀንስለት።»
ስለ ጉልበቷ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁባት።
ቸርኬውን ሳቀና ጠረጴዛዬ ላይ ሣጥን ትታ ሄዳለች፤
ለዋጋ ይሁን ለፍርድ፣ ምንም አላለች።
ስከፍተው ገለባ ነው፤ ከገለባው ሥር ስድስት እንቁላል፤
አምስቱ ደህና ናቸው።
አንዱ ትንሽ ተሰንጥቋል።